ሰዓቱም ሥርዓቱም ለደጋ የተሰፋ ነው!

«የ13 ወር ፀጋ» እየተባልን ነው ያደግነው። የዚህች መፈክር ባለቤት የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ «ምድረ ቀደምት» የምትባለዋ ተተካች። መፈክሯ ለቱሪስት የታሰበች ስለነበረች በራሷ አትከፋም። ክፋቱ ፀሐይዋ ለሁሉም እኩል ፀጋ አለመሆኗ ነው። አዲስ አበቤ ደጅ ወጥቶ የሚሞቃት ፀሐይ በሰመራ፣ በጎዴ፣ በጋምቤላና በመተማ የምትጠብስ እሳት ናት። ታዲያ የአገሪቱን ሰዓት፣ የትምህርት ዘመንና የሥራ ደንብ የሚወስኑት ሹሞቻችን የተቀመጡት በየትኛዋ ፀሐይ ሥር ነው? መልሱን አንባቢ ያውቀዋል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አገራችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ነው የተዘረጋችው። እንዲህ ቅርብ ሆነን ሳለ አዲስ አበባ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚያንዘፈዝፈን ከፍታችን ነው። በደምሳሳው 1 ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጡ ቁጥር ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሰመራ ከ400 ሜትር ብዙም አትርቅም። እንግዲህ ልዩነቱን አስሉት! ወደ ዳሎል ከወረድንማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬታ የቦታው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። ልብ በሉ፣ ሌሊቱም ተደምሮ ነው።

ወቅቱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የነሐሴዋን ደመና ይጋርድልናል። ስለዚህ ሙቀታችን መጋቢትና ሚያዝያ ነው። ጋምቤላ የካቲትና መጋቢት ላይ ትግላለች። ድሬዳዋ የምትነደው ግንቦትና ሰኔ ነው። በሰመራ ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አፋር ለዚያ የሐሩር ጊዜ «ሐጋይ» የሚል ስም አለው። ሶማሌውም ዓመቱን ጉ፣ ሐጋ፣ ደይርና ጂላል ብሎ ለአራት ይከፍለዋል። እኛ ደግሞ ሁሉንም «በጋና ክረምት» በምትል አንዲት ቁና እንሰፍረዋለን።

የበረሃ አበል ለማን?

«መንግሥት ምንም አላደረገም» ብሎ በጅምላ መወረፍ አይገባም። በቆላ ከተሞች ያሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማለዳ ገብተው ቀትር ላይ ረዘም ያለ ዕረፍት ይወስዳሉ። ለመንግሥት ሠራተኛውም የበረሃ አበል የሚባል ነገር ይታሰብለታል። ደግ! ይህ ማለት ግን ሙቀት የሰውን ጉልበትና ጤና እንደሚበላ መንግሥት አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። ኧረ ለመሆኑ ፀሐይ የምታቃጥለው ደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ሰው ብቻ ነው እንዴ? ብሎኬት የሚያመላልሰው፣ አስፋልት የሚያነጥፈው፣ ሲሚንቶ የሚያራግፈው፣ ሰሊጥ የሚያጭደው ወገን ቆዳው ከምን ተሠርቶ ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ልዩ የሥራ ሁኔታ ላለባቸው ዘርፎችም ሚኒስቴሩ በመመሪያ ሰዓቱን ሊያሳጥር እንደሚችል ይፈቅዳል። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ስለ ሙቀት ዲግሪ ግን አዋጁን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጡት አንዲት መስመር አታገኙም።

ወገኖቻችን የሚሰደዱባቸው የዓረብ አገሮች በሠራተኛ አያያዛቸው ስንት እሮሮ ይሰማባቸዋል፤ እሮሮውም እውነት ነው። ቢሆንም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ክልከላውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9፡30 አስረዝማዋለች። ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ደግሞ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ሥራ ይቁም ብላለች። ቤት ውስጥ ለተዘጋባቸው እህቶቻችን ይህ ሕግ አይደርስም፤ እሱ ሌላ ጉድ ነው። ግን ዶሃ ላይ ለግንበኛ የተፈቀደች ጥላ ለአፋርና ለጋምቤላ ግንበኛ ለምን ትነፈጋለች?

የመተማን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ለአረምና ለአጨዳ በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ጉልበተኛ ወደ ቆላ ይወርዳል። የሰው ገላ ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። እስኪለምድ ድረስ ላብ በወጉ አይወጣም፣ ልብም አቅሟ በላይ ትደክማለች። የእኛ ደገኛ ግን ከመኪና እንደወረደ በማግስቱ እርሻ ውስጥ ነው፤ ያውም በቁርጥ፣ ያውም ከውኃ ርቆ። ራሱን አዙሮት ሲዘባርቅ «ወባ ነው» ይባላል፤ አንዳንዱ እውነትም ወባ ይሆናል። በሙቀት የተመታ ሰው ግን ጥላ ውስጥ አስገብተው፣ ገላውን በውኃ አርሰው፣ እያራገቡ ቶሎ ወደ ሐኪም ካላደረሱት ይሞታል። ይህን የሚያውቅ አለቃ ስንት አለ?

ሰኔና ፈተና

የትምህርት ዘመናችን የተቆረጠው በደጋ ዝናብ ልክ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል፣ ተማሪ ይረፍ፤ ሰኔ ላይ ይፈተን። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ያስኬዳል። ድሬዳዋና ሰመራ ላይ ግን ሰኔ ማለት ዓመቱ የሚነድበት ወር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ስድሳ ሰባ ሆኖ ታጭቆ፣ ላቡ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ የሚፈተን ልጅና ሹራብ ለብሶ የሚፈተን ልጅ ውጤታቸው ጎን ለጎን ይደረደራል። ከዚያ «ቆላው ለምን ወደኋላ ቀረ?» ተብሎ ጥናት ይጠናል። ጃል፣ ቴርሞሜትር ግዙ!

መብራቱስ? አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲጠፋ እንጀራ ሳይጋገር ያድራል። ሰመራ ላይ ሲጠፋ ሰው ሳይተኛ ያድራል። ማራገቢያ ሲቆም አራስ፣ ሕፃንና አዛውንት ይሰቃያሉ። የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ እሰየው። ለጂቡቲ ኃይል የምንሸጥበት መስመር ለዓመታት በድሬዳዋ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ሽያጩን አንቃወምም፤ ነገር ግን ሐሩር በሚበረታባቸው ወራት ፈረቃና ጥገና ቆላውን በመጨረሻ ይንኩት ማለት ምን ያህል ይከብዳል?

ሙቀትን እንዴት እንደሚችሉት ለቆላ ሰው ምክር መስጠት ለቀባሪው አረዱት ነው። ሽርጡን አገልድሞ፣ ቀትርን በጥላ አሳልፎ፣ ማታ ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥቶ የሚተኛ ሕዝብ ነው። የአፋር የሰሌን ቤት ነፋስ ያስገባል፤ የጋምቤላ የሣር ጣሪያ ሙቀት አያሳልፍም። የድሬዳዋን ከዚራ የቀየሱት የባቡር ሰዎችም መንገዱን በዛፍ ጥላ ሸፍነውት አልፈዋል። ከመሀል አገር የመጣው ሥልጣኔ ግን ምን ይዞ ወረደ? ቆርቆሮ፣ መስኮቱ የማይከፈት የመስተዋት ሕንፃና ከረባት!

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። ሚኒስቴሩ አዋጁ የሰጠውን ሥልጣን ተጠቅሞ በቆላ ወረዳዎች በሐሩር ወራት የቀትር ሥራን ያግድ። ለአጨዳ የወረደ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀለል ባለ ሥራ ይጀምር፤ ውኃና ጥላ የአሠሪው ግዴታ ይሁኑ። የቆላ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን ከሰኔ በፊት ይጨርሱ፤ ይህ ቢቀር ፈተናው ማለዳ ተጀምሮ ሳይረፍድ ይለቅ። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ የሚወጣው ፕላን ከአዲስ አበባ የተገለበጠ አይሁን።

አገር ማለት 2 ሺህ 400 ሜትር ላይ ያለው ብቻ አይደለም። ሹሞቻችን ይህን ካላመኑ የሚቀጥለውን ስብሰባቸውን ሰኔ ላይ ሰመራ ያድርጉት፤ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ከነከረባታቸው። የቃለ ጉባዔው ቀለም ሳይደርቅ መመሪያው ይወጣል!