ለቦሎ የሚገጠም ጎማ፣ ለጉጉፍቱ የሚገጠም ጎማ

«ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ።» የመኪና አደጋ ዜናችን ብዙ ጊዜ የሚቋጨው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ጎማው እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ይመስል፣ ማን እንደ መረጠው፣ መቼ እንደ ተሠራና ስንት ኪሎ እንዲሸከም እንደ ተፈቀደለት የሚጠይቅ የለም።

መኪና ለእሽቅድምድም በሚነዳበት አገር የሜዳ ጎማና የመንገድ ጎማ ለየቅል ናቸው። የሜዳው ጎማ ለስላሳ ነው፤ ጥርሱም ጥቂት ነው ወይም ጨርሶ የለውም። ሲግል አስፋልቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ በብርድና በዝናብ ግን ያንሸራትታል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለፎርሙላ አንድ ጎማ የሚያቀርበው ፒሬሊ እንኳ ለደረቅና ለእርጥብ ሜዳ የተለያየ ጎማ ይዞ ይቀርባል።

እኛስ የምንመርጠው ለየትኛው መንገድ ነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለብዙ ባለንብረት መንገዱ ቦሎ ነው። ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ ወይም ተከራይቶ በማግስቱ የሚመልስ እንዳለ በየጎሚስታው በሳቅ ይወራል። (ሳቁ የተሳፋሪው አይደለም።)

አሁን ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚሄደውን ሚኒባስ እናስብ። ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርድና ጉም አለው። መካነ ሰላምም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ወደ ጎጃም የሚሻገር ግን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ልዩነት የጎማ ነፋስ በ1.5 ፒኤስአይ ገደማ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ነው። ነፋሱ የጎደለና ጭነት የበዛበት ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ይተጣጠፋል፤ ከውስጥ ይግላል፤ ሽቦውና ጎማው ይላቀቃል፤ ይፈነዳል። መብረቅ አይደለም።

በጎማው ጎን የተጻፈውን ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ብዙ ሚኒባስ የሚያጠልቀው 195አር15ሲ ላይ 106 የሚል ቁጥር አለ፤ አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በዚያው ባለ15 ቸርኬ ላይ የሚገባው፣ 91 የተጻፈበት የቤት መኪና ጎማ ግን 615 ኪሎ ብቻ ነው የሚችለው። በአራቱ ጎማ ሲደመር ልዩነቱ 1,340 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ጥርስ ብቻ የሚያይ ምርመራ ሁለቱንም ያሳልፋል።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። 2319 የሚል ማኅተም ያለበት ጎማ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥርሱ ባያልቅም እንዲጣል ይመክራሉ። ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የከረመ ጎማ «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥ ይህን ቁጥር ማን ያያል?

ድህነት ነው የሚሉ ይኖራሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ መናሩን አልክድም፤ ባለንብረቱም ይጨነቃል። ቁጥር ለማንበብ ግን ዶላር አያስፈልግም። መናኸሪያ ውስጥ ስምሪት የሚሰጠው ሠራተኛ የታሪፍ ወረቀቱን በሚያይበት ዓይን ጎንበስ ብሎ አራቱን ጎማና ስኮርታውን ቢያይ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። መመሪያው ደግሞ ይህን እንዲያደርግ ያስገድደው፤ ጎማው የማይመጥን መኪና ለመካነ ሰላም ተራ አይያዝለት።