በማይክራፎን የማይድን ቁስል

ሃይማኖት ቤት ውስጥ የደረሰ ቁስልም ቁስል ነው። ይህን ለመናገር ድፍረት የሚጠይቅ መሆኑ ራሱ ያስገርመናል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያደግን ልጆች ነገሩን እናውቀዋለን። እንቅልፍ ያጣች፣ ምግብ የዘጋት ልጅ «መንፈስ አለባት» ትባላለች። ሕዝብ ፊት ይጮኹባታል፣ ይጥሏታል፣ ይቀርጿታል። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፤ ሰፈር ውስጥ ስሟ «ጋኔን የወጣላት» ይሆናል። ከወራት በኋላ በዚያ ደጅ ስታልፍ ልቧ ቢመታ፣ ላብ በላብ ብትሆን «አልወጣላትም» ይሏታል። እኛ ግን የምንጠይቀው ያን ቀን ምን እንደገባባት ነው።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሊን ዊኔል እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚህ ጉዳት ስም አውጥታለታለች፤ የሃይማኖት ትራውማ። የሐኪሞች መዝገብ ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ አይቆጥረውም። መፍትሔው ግን ከሌላው ትራውማ አይለይም፤ በሩ በተዘጋ ክፍል፣ ምስጢር በሚጠብቅ ባለሙያ ፊት፣ የሆነባትን በራሷ ፍጥነት ትናገራለች። ያ ቀን ማለፉን ሰውነቷም ቀስ በቀስ ይማራል።

«ቴራፒ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እምነት ያስጥላል» የሚሉ አሉ። ምስጢር መጠበቅ የፈረንጅ ነው እንዴ? የንስሐ አባት የሰማውን አያወጣም። ለንስሐ አባት የሚቀርበው ካሜራው ነው ወይስ ቴራፒው? በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አይጋጩም ሲሉ ጠበሉ አልደረቀም፤ ሰው ግን ተረፈ።

ሕክምናው ሩቅ አይደለም። ቡራዩ አፍንጫ ሥር ገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል። ነገር ግን «አማኑኤል ግባ» ስድብ በሆነበት አገር ልጅቷ እንዴት ትሂድ? የግሉ የምክር አገልግሎትም ለኪሷ አይሆንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱን ከተሞች የጠቀለለው የሸገር ከተማ አስተዳደር፣ በየጤና ጣቢያው አንድ የምክር ክፍልና አንድ ባለሙያ ይመድብ። ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ሼኹም ይጸልዩ፤ ማንም አልከለከላቸውም። ግን ካሜራውን ያጥፉ፣ «መድኃኒትሽን ጣይ» አይበሉ፤ ከጸሎቱ በኋላም ልጅቷን ወደ ባለሙያ ይላኩ።

እኩዮቻችንስ? ከፍርሃታችሁ ለመዳን እምነታችሁን መተው ግዴታ አይደለም። የተዋችሁም ብትሆኑ ፈሪሃ እግዚአብሔር የላቸውም ተብሎ ቁስላችሁ አይናቅም። ሐኪም ጋ መሄድ ክህደት አይደለም።