«ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»

የዚህ ሳምንቱ ደብዳቤ የደረሰኝ ከጌዶ ነው። አምቦንና ጉደርን አልፎ፣ በነቀምቴው መንገድ ላይ፣ ወደ ፊንጫ የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልባት ከዚያች ብርዳም ከተማ። የጸሐፊውን ስም በጠየቀው መሠረት ትቼዋለሁ፤ ደብዳቤውንም አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው። መርካቶ ተወልጄ ያደግሁ የጉራጌ ልጅ ነኝ። ጌዶ ላይ ሱቅ ከከፈትኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ገበያው እግዜር ይመስገን አይከፋም። እዚሁ ከምትኖር ልጅ ጋር ከልብ ተዋደናል። ሽማግሌ ልላክ ብዬ ሳስብ ግን የምልከው ሰው አጣሁ! ከተማው ሁሉ ከእኔ ይገዛል፤ በስሜ የሚጠራኝ ግን ጥቂት ነው። ‹የእንግዳው ሱቅ› ነው የሚሉት። አባቷም ወሬውን ሰምተው ‹ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?› ብለው ጠየቋት። ቅዳሜ ማታ ሱቄን ዘግቼ አዲስ አበባ ስገባ ጓደኞቼን አማከርኳቸው። ‹ይዘሃት ጥፋ› አሉኝ። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የጓደኞችህን ምክር ጣለው። ይዘሃት ብትጠፋ ልጅቷ ከቤተሰቧ ትቆራረጣለች፤ አንተም «እንግዳ ነው፣ አናውቀውም» ያሉህን ሁሉ እውነታቸውን ነው ታሰኛቸዋለህ።

የአባትየውንም ጥያቄ እንደ ስድብ አትቁጠረው። «የማን ልጅ ነው?» ማለት «ነገ ልጄን ቢበድላት ለማን አቤት እላለሁ?» ማለት ነው። ሀብትህን አልጠየቁም፤ ዋስህን ነው የጠየቁት። ሱቅ ደግሞ ዋስ አይሆንም። ሱቅ በአንድ ሌሊት ተጭኖ ይሄዳል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። እሑድ እሑድ የት ነው የምትውለው? ራስህ ጽፈኸዋል፣ አዲስ አበባ! እሑድ እኮ እድርተኛው የሚሰበሰብበት፣ ጎረቤት ለቅሶ የሚደርስበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ቀን ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የስንት ሰው ድንኳን ተክለሃል? የስንቱን ሬሳ ሸኝተሃል? ጌዶ የምታውቅህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከባንኮኒ ጀርባ ብቻ ከሆነ «እንግዳው» ብትልህ ምን ይገርማል?

የጉራጌ ልጅ ሆነህ ይህ መጥፋቱ ነው የደነቀኝ። አያቶችህ አዲስ አበባ ሲገቡ በእቁብ ሱቅ ከፈቱ፣ በእድር ጎረቤት አፈሩ። በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ለትውልድ አገራቸው መንገድ ያሠሩም እነሱ ናቸው። ልባቸው አገር ቤት ነበር፤ ቀባሪያቸው ግን የሰፈራቸው ሰው ነበር። አንዱ ሌላውን አልከለከላቸውም።

የሰው አገር ነገር ያው ነው፣ ባሕር ማዶም ቢሆን። በአሜሪካ በሚኒሶታ ወርዚንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዋ አሥራ አራት ሺህ ገደማ ነው። ለአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ሥራ ብለው ከሜክሲኮና ከጓቲማላ ብዙ ሰዎች ገቡባት፤ ከኦሮሚያ የሄዱ የእኛም ልጆች አሉበት። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2006 ፖሊስ ፋብሪካውን ከቦ ወረቀት የሌላቸውን ሲያፍስ እናት ከልጅ ተለያየ። ቆየት ብሎ የስደተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤቱን ሲሞሉት፣ ለማስፋፊያ የሚሆን ግብር በድምፅ ተጠይቆ ደጋግሞ ወደቀ። ያለፈው በ2019 ነው። ፋብሪካው ጉልበታቸውን በአንድ ቀን ተቀበለ፤ ከተማው «የእኛ ልጆች» ለማለት ግን ዓመታት ፈጀበት።

ስለዚህ ለጌዶ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ከምዕራብ ሸዋ ተነስቶ ሚኒሶታ የገባ ዘመድ ያላችሁ፣ እዚያ እንዴት እንዲይዙላችሁ ትመኛላችሁ? ይህንንም ልጅ እንደዚያ ያዙት። ደግሞ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሮሞ ባህል ሞጋሳ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ከሌላ የመጣውን ጎሳው የራሱ አድርጎ የሚቀበልበት። ጉዲፈቻም ከዚያው ባህል የወጣ ቃል ነው፤ ዛሬ በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። «የማን ልጅ ነው?» ለሚለው ጥያቄ፣ ሳይወለዱም መልስ እንዲገኝ ያደረጉት የእናንተው አባቶች ናቸው።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። ከነገ ጀምረህ እንዲህ አድርግ።

አንደኛ፣ የሰፈሩ እድር ውስጥ ተመዝገብ። ገንዘብ ልኮ መቅረት አይሆንም፤ አግዳሚውን ተሸከም፣ ከሐዘንተኛው ጋር አምሽ።

ሁለተኛ፣ ቋንቋውን ከምርህ ተማር። «ሜቃ?» ሲሉህ ዋጋ መመለስ ቋንቋ ማወቅ አይደለም። ለቅሶ ቤት ገብተህ «ዋቃዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» (እግዚአብሔር ያጽናችሁ) ያልክ ቀን ፊታቸውን እይ። ነገ የሚወለዱ ልጆችህም እዚያ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌ ለመላክ አትጣደፍ። በመጪዎቹ ወራት እሑዶችህን ጌዶ ዋል። ከዚያ ከእድሩ ሽማግሌዎች የሚያውቁህን ሁለት ሰዎች ለምን፤ አባትህን ወይም አጎትህን ከአዲስ አበባ አስመጣና ሦስተኛ አድርገህ ጨምር። አባትየው ያኔ «የማን ልጅ ነው?» ቢሉ አንዱ በአጎትህ በኩል፣ ሌላው በጌዶ በኩል ይመልስልሃል።

ላይሆንም ይችላል፤ አባት እምቢ ማለት ያውቃል። ቢሆንም እምቢ የሚሉት እንግዳውን ሳይሆን አንተን ይሆናል፤ በስም የሚታወቅ ሰው ደግሞ ደግሞ ይልካል። ልጅቷንም ሐሳብህን አስረዳት። የምትወድህ ከሆነ ጥቂት ወራት ትታገሳለች።

ውድ አንባብያን፣ እናንተስ በሰው አገር እንዴት ሰው አገኛችሁ? ጻፉልኝ። ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!