የተሰበረው ብሎን ይጠየቅ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እኔ ግን በሰፈራችንም ሆነ በየጋራዡ የማየው ነገር የዚህ ተቃራኒ ሆኖብኛል። አንድ ብሎን በተሰበረ ጊዜ «ዕቃው ርካሽ ነው» ይባልና ስባሪው ተጥሎ ሌላ ይታሰራል። ለምን እንደ ተሰበረ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። በበኩሌ ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል እላለሁ።

በሰፈራችን ባለው ወፍጮ ቤት የሞተሩ ማሰሪያ ብሎን ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ ተሰበረ። ባለቤቱም በየጊዜው ሌላ እየገዙ ሻጩን ያማርሩ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ስባሪውን ለምኜ ወሰድሁና ለፊዚክስ መምህራችን አሳየኋቸው። የስባሪው ፊት አብዛኛው ለስላሳ ሆኖ፣ ሐይቅ ሲጎድል በዳርቻው እንደሚተወው ምልክት ያለ የተደራረበ መስመር ነበረበት፤ የቀረው ጥቂት ክፍል ግን ሻካራ ነበር። መምህራችን እንዳስረዱኝ፣ ብሎኑ የተሰበረው በአንድ ቀን አይደለም። ከጥርሱ ሥር የተነሣች ቀጭን ስንጥቅ በንዝረቱ ጥቂት በጥቂት እየሰፋች ቆይታ፣ ያልተሰነጠቀው ክፍል ሸክሙን መቻል ባቃተው ጊዜ በድንገት ተበጠሰ። ይህም የብረት ድካም ይባላል።

ታዲያ ያደከመው ምንድን ነው? ብሎን በሚገባ ሲጠብቅ እንደ ሞላ ጥቂት ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለመሰብሰብ ሲታገልም ያያዛቸውን ነገሮች አጣብቆ ይይዛል። ያን ጊዜ ለብሎኑ የሚደርሰው ንዝረት ጥቂት ነው። ከላላ ግን ምቱ በእርሱ ላይ ይወድቃል። ወፍጮ ቤቱን ሄደን ብናይ፣ ሞተሩ የተቀመጠበት እንጨት ከዳዶው በታች ሰምጦ ብሎኑ ላልቶ አገኘነው። ጥፋቱ የሻጩ አልነበረም። እንጨቱ ተለውጦ ብሎኑ ከጠበቀ ወዲህ እስከ ዛሬ አልተሰበረም።

ነገሩ የወፍጮ ቤት ብቻ አይምሰላችሁ። ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1990) ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ይበር የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አይሮፕላን ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳለ የፊት መስተዋቱ ተገንጥሎ፣ ዋናው አብራሪ እስከ ወገቡ ወደ ውጭ ተሳበ። ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው፣ ረዳት አብራሪው አይሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈ፤ ሁሉም ተረፉ። መስተዋቱ ከበረራው ጥቂት ቀደም ብሎ የተለወጠ ነበር። መርማሪዎቹ ሲለኩ፣ ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከታዘዘው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ቀጥነው ተገኙ። ሠራተኛው አዲሱን ብሎን የመረጠው ከአሮጌው ጋር በዓይን አስተያይቶ ነበርና። መርማሪዎቹ ግን ሠራተኛውን ወቅሰው ብቻ አላበቁም፤ ከተፈቱት አሮጌ ብሎኖች ብዙዎቹ ራሳቸው ከታዘዘው ያጠሩ መሆናቸውን ደረሱበት። አሮጌዎቹን ብሎኖች ሳይመረምሩ ቢተዉ ኖሮ ይህ ባልታወቀ ነበር።

«ሥራ እየቆመ ምርመራ የት ይገኛል?» የሚሉ አሉ። ሥራ መቆም እንደሌለበት እኔም አምናለሁ፤ ነገር ግን ያን ወፍጮ ሦስት ጊዜ ያቆመው ምርመራ ሳይሆን የምርመራ እጦት ነው። አንድ ጊዜ ተጠይቆ ቢሆን ሁለት ጊዜ ባልቆመ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ በተለይም ነገ መሐንዲስና መካኒክ የምትሆኑ፣ ስባሪ ስታገኙ አትጣሉት። ሁለቱን ስባሪዎች ለመግጠም ብላችሁ ፊታቸውን አታፋትጉ፤ ምልክቱ ይጠፋልና። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ የት እንደ ነበረና ላልቶ እንደ ሆነ ጻፉ። ከዚያም ሻጩን ከመውቀሳችሁ በፊት ብሎኑን ጠይቁት።