በስልክ ውስጥ የቀረ ድምፅ

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርደው መንገድ ሲሪንቃን አቋርጦ ያልፋል። ስሟን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው የእርሻ ምርምር ማእከሉን ነው፤ በዚያ የማሽላና የጤፍ ዘር እየተመረጠና እየተሻሻለ ለገበሬው ይሰጣል። እኛ ግን በዚህ ወር ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንጨዋወት የወደድነው ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ድምፅ ነው።

በሲሪንቃ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት፥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በመስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው ስምንት ራፕ በስልክ ቀድተው እንደ ነበር አጫውቶናል። ራፕ የሚባለው፥ ለማያውቁት አባቶችና እናቶች እንንገራቸውና፥ በከበሮ ምት ላይ ግጥምን ቤት እያስመቱ በፍጥነት መናገር ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና ሀብሩ በደረሰ ጊዜ ልጆቹ ከቤተ ሰቦቻቸው ጋር ወደ ደሴ ሸሹ፤ ስልኩም በመንገድ ጠፋ። ከስምንቱ አንዱ እንኳ ለሕዝብ ወጥቶ አልነበረም። «ሰው ቤቱንና ወገኑን ባጣበት ጊዜ ስለ ስልክ ማልቀስ ነውር መስሎኝ ለማንም አልተናገርሁም» አለን። ለእኛ ግን ነውር ሆኖ አልታየንም።

የዚህ ጥበብ አመጣጡም ከዚህ የራቀ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር፥ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973፥ ኩል ሄርክ በሚል ስም የሚታወቀው የጃማይካ ተወላጅ እኅቱ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ ሸክላ አጫወተ፤ ሂፕ ሆፕም ከዚያ ሌሊት ይቈጠራል። ይሁን እንጂ የራፕ ሸክላ ታትሞ ለገበያ የወጣው በ1979 ነው። በመካከሉ ባሉት ስድስት ዓመታት ሕዝቡን ሲያስጨፍሩ የኖሩት ሰዎች ድምፃቸው የቀረው፥ አድማጮች በቴፕ ቀድተው ከእጅ ወደ እጅ ባስተላለፉት ካሴት ብቻ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ የጠፋው ብዙ ነው። ኩል ሄርክ ራሱ በዚያ ዘመን አንድ ሸክላ እንኳ አላሳተመም።

በአገራችንም ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን ደንብ ደፍሮ በማለፍ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ያሳተመው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ነው። ከእርሱ በፊት በየምሽቱ ሲጫወቱ ኖረው ድምፃቸው ሳይቀረጽ የቀሩትን ማን ይቈጥራቸዋል?

ለወሎ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገር ነው። እማሆይ በወጣትነታቸው ወደ አምባሰል፥ ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኰሱ፤ አሥር ዓመት ያህልም በዚያ ተራራ በባዶ እግራቸው ኖሩ። የፒያኖ ድርሰታቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር በሸክላ ታትሟል። ነገር ግን ከ1969 እስከ 1977 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ተቀምጠው፥ ፒያኖ እየመቱ በገዛ ድምፃቸው በአማርኛ የዘመሯቸው፥ በተራ ካሴት የተቀዱ ዜማዎች ነበሩ። እነዚያ አርባ ዓመት ያህል ለሕዝብ ሳይወጡ ቆዩ። እማሆይ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐረፉ፤ ዜማዎቹ በሸክላ የወጡት በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው አላዩትም። በቅጂው ላይ ከመስኮት ውጭ የሚንጫጩ ወፎች ይሰማሉ፤ ሲሪንቃ ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለው ይህን ላለማሰማት ነበርና፥ እኛስ ባልተሰቀለ አልን።

ከወልድያ በላይ ባለው ደጋ፥ በዋድላ፥ ስመ ጥር የቅኔ ቤት አለ። በዚያ ሥርዓት አንድ ጊዜ የተቀኙትን መልሶ ማቅረብ ነውር ነው፤ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ቅኔና ራፕ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ብንል የቅኔ መምህራን ይቈጡናል፥ ቍጣቸውም ይገባናል። ሆኖም በቅኔ ቤት የተነገረውን ቢያንስ ሰምቶ የሚይዝ ደቀ መዝሙር አለ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ባሳተሙ ጊዜ፥ ከዚህ ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣው ትዝታ ተጠቅመዋል። የሲሪንቃዎቹ ልጆች ግን ደቀ መዝሙር አልነበራቸውም።

ወይም ያልነበራቸው መስሎን ነበር። ወጣቱ ከደሴ ከተመለሰ በኋላ እናቱ እንጀራ እየጋገሩ፥ ከግድግዳው ማዶ በየቀኑ ይሰሙት ከነበረው ውስጥ ሁለቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ተወጡት። በዚያ ጊዜ «ይህን ጩኸት ተዉ» እያሉ ይቈጧቸው የነበሩት እርሳቸው ናቸው። ልጁም እርሳቸው እየነገሩት በደብተር ጻፈ። አንዲት የስድብ ቃል ላይ ሲደርሱ ዘለሏት፤ ሦስተኛው ልጅ የሚናገረውን ደግሞ እጅግ ስለ ፈጠነባቸው አልያዙትም፤ በደብተሩ ላይ ያ ቦታ ባዶውን ተትቷል።