የራያንኤር ተረት ሲነገር የሚዘለለው ገጽ

በየቻናሉ የሚዞር አንድ ተረት አለ። ማይክል ኦሊሪ የሚባል አየርላንዳዊ ኪሳራ ላይ ያለ ትንሽ አየር መንገድ ገባ፣ አሜሪካ ሄዶ የሳውዝዌስትን አሠራር አየ፣ ተመልሶ የትኬት ዋጋ ሰበረ፣ አውሮፓን ገዛ። መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው፦ «አንተስ ምን ትጠብቃለህ?»

ወዳጆቼ፣ ታሪኩ ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ደግሞ ዋናው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንደኛ፣ በሩን የከፈተው ጀግና ሳይሆን ሕግ ነው። ድሮ በሁለት የአውሮፓ አገሮች መካከል ማን እንደሚበር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር፣ ብዙ ጊዜም በስንት ዋጋ እንደሚሸጥ የሚወስኑት መንግሥታት ነበሩ። በ1992 የጸደቀው ደንብ ይህን አፈረሰ። ከ1997 ጀምሮ የአንዱ አባል አገር አየር መንገድ በሌላው አገር ውስጥ ከከተማ ከተማ መብረር ቻለ። ዊዝ ኤር የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በግንቦት 2004፣ ልክ ሃንጋሪና ፖላንድ ኅብረቱን በተቀላቀሉበት ወር ነው። ይህ አጋጣሚ ይመስላችኋል?

ሁለተኛ፣ «ዋጋ ስበር» የሚለው ምክር ሰው ይገድላል። ዋጋ መስበር ማንም ይችላል፤ ከባዱ ወጪ መስበር ነው። ራያንኤር ለረጅም ዘመን አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ አበረረ፣ መሬት ላይ 25 ደቂቃ ብቻ እያቆመ መልሶ አስነሳው። «ፍራንክፈርት» እያለ የሸጠው ሃን ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ ሌላው ሲሸማቀቅ፣ በጥር 2002 መቶ ቦይንግ አዘዘ። ዋጋውን እንጂ ወጪውን ያልኮረጁትስ? ኤር በርሊንና ሞናርክ በ2017 ወደቁ፣ ዋው ኤር በ2019። ኖርዌጂያን የረጅም ርቀት በረራውን በ2021 እርግፍ አድርጎ ተወ። የእነሱን ተረት የሚለጥፍ ቻናል አላየሁም።

ሦስተኛ፣ የተሰበረው ወጪ ሁሉ አይጠፋም፤ ከፊሉ ትከሻ ይቀይራል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። የቤልጂየሙ ሻርለርዋ አየር ማረፊያ የክልል መንግሥት ንብረት ነው፤ ለራያንኤር ያደረገውን ቅናሽ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 በከፊል ሕገወጥ ድጎማ አለው። ፍርድ ቤት በ2008 ውሳኔውን ሻረው፤ ሆኖም በመንግሥት ማረፊያ ቅናሽ ያደገን ድርጅት «በላቡ ብቻ» ብሎ ማወደስ ይከብዳል። አብራሪዎችስ? ኩባንያው ማኅበራቸውን ከ30 ዓመት በላይ አላውቅም ብሎ ቆይቶ የተቀበለው በታኅሣሥ 2017 ነው፤ ያውም የፈረቃ ምደባው ተዛብቶ ሺዎች በረራዎች ከተሰረዙና የሥራ ማቆም አድማ ከተደገሰለት በኋላ። በ2024 ደግሞ ስፔን በእጅ ሻንጣ ክፍያና በመሳሰሉት አምስት አየር መንገዶችን 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች፤ ትልቁ ድርሻ የራያንኤር ነበር። ኩባንያዎቹ ቅጣቱን ተቃውመዋል።

አራተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። የነጻ ገበያ አርበኛ የተባለው ሰው በ2006 ምን አደረገ? በገዛ አገሩ ዋና ተፎካካሪውን ኤር ሊንገስን ጠቅልሎ ሊገዛ ተነሣ። ሁለቱ ከ30 በላይ በሆኑ የአየርላንድ መስመሮች ፊት ለፊት ይፎካከሩ ነበር። ኮሚሽኑ በ2007 አይሆንም አለ። በድጋሚ ሞከረ፤ በ2013 አሁንም አይሆንም ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ፉክክርን የሚወድ ነጋዴ የለም፤ የሚወደው ማሸነፍን ነው፤ ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ይሞክረው ነበር። የደብሊን ተሳፋሪ ሁለት ምርጫ ይዞ የቀረው በኦሊሪ ደግነት ሳይሆን «አይቻልም» የሚል ዳኛ ስለነበረ ነው።

«ግን ድሃውን አስበረረው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው! ሮም ያለ ልጅ ስቶክሆልም ለእህቱ ሠርግ በትንሽ ገንዘብ ይደርሳል፤ በርበሬና ሽሮ የሞላው ሻንጣ በሩ ላይ ካላስቀጣው በቀር። ይህን አልክድም። ግን ያ ትኬት የረከሰው ከጎኑ ሌላ ሻጭ ስላለ ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚባለው ሌላ ጨው ሲኖር ብቻ ነው።

ስለዚህ ተረቱን ስትለጥፉ ሙሉውን ለጥፉ፦ በሩን የከፈተውን ሕግ፣ ወጪውን የተሸከመውን ትከሻ፣ አሸናፊውን የገታውን ዳኛ። «ገበያው ይከፈት» የምትሉም «ዳኛው ማነው?» ብላችሁ አብራችሁ ጠይቁ። ያለ ዳኛ የተከፈተ ገበያ ጥቂት ቆይቶ ጉልበተኛው ራሱ ይዘጋዋል።