ስለ ሣቁ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የተማሪዎች ማኅበራችን በአዳራሹ ውስጥ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም እንዳሳየ አንባብያን ያስታውሳሉ። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ስለ ነበረ ብዙዎቻችን ግድግዳ ተደግፈን ነው ያየነው። በዚህ ዕትም ስለ ፊልሙ ያለንን አሳብ እንደምንጽፍ ቀደም ብለን ቃል ገብተን ነበር፤ ቃላችንንም እንጠብቃለን። ነገር ግን ከፊልሙ በፊት ልንናገረው የሚገባ ሌላ ነገር አለ።

ነገሩ ይህ ነው። ፊልሙ ከተጀመረ ጥቂት ቆይቶ፣ ጠመንጃ የያዙ ፈረሰኞች ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ የምትመለሰውን ልጅ ሲከቧት ከአዳራሹ ኋለኛ ክፍል ሣቅ ተሰማ። ልጅቱ ስትጮህ ሣቁ ጨመረ። አንድ ሰውም ለጠላፊው «በርታ!» ብሎ ጮኸለት። ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት እኅቶቻችን ተነሥተው ወጡ፤ አልተመለሱም። ፊልሙም ቀጠለ።

የሣቁትን በስም አናነሣም። ክፉ ሰዎች ናቸውም አንልም። አብረውን ይማራሉ፤ አብረውን ይበላሉ፤ ከእነርሱ መካከል ባለፈው ወር የታመመ ጓደኛውን ደግፎ እስከ ክሊኒክ ያደረሰ አለ። እኛን ያስጨነቀንም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሥቅ አይገርምም ነበር። ደግ ሰው በዚያ ሰዓት ምን አሣቀው?

ፊልሙን ላላዩት ጥቂት እንናገር። «ድፍረት» ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ አዘጋጅቶት በ2006 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ተቀብሏል። ታሪኩ ከእውነት የተወሰደ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ስትሸሽ ተከትሎ ቢደርስባት ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ያደረገችው ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በፊልሙ ውስጥ ልጅቱ ሂሩት ተብላለች፤ የሠራችውም ትዝታ ሀገሬ ናት። ጠበቃዋን ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊን ሆና የሠራችው ሜሮን ጌትነት ናት። ወ/ሮ መዓዛ ኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል።

እንግዲህ አሰላ ሩቅ አገር አይደለም። ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጠዋት ከመናኸሪያ የተሳፈረ ሰው ዴራንና ኢተያን አልፎ ቁርሱን እዚያ ይደርሳል። በአዳራሹ ከነበርነው መካከል የአርሲ ልጆች አሉ። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ የመጡም አሉ። ጠለፋን፣ በአፋን ኦሮሞ «ቡቲ» የሚባለውን፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአክስቶቻቸው አፍ የሰሙ ብዙ ናቸው። ፊልሙ የሚናገረው ስለ እኛው መንገድና ስለ እኛው ቤት ነው።

ሕጉንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚድንበት በር ነበረው። ይህ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው በአዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ የሚጠልፍ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ፣ ከደፈራትም በመድፈር ወንጀል ጭምር እንደሚጠየቅ፣ በኋላ የሚደረገው ጋብቻም ከቅጣት እንደማያድነው ይደነግጋል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ «በርታ!» የተባለው ሰው በሕጋችን ወንጀለኛ ነው። ሕጉ ተለውጧል፤ ሣቁ ግን ከሕጉ ኋላ ቀርቷል።

ስለ ፊልሙ ራሱ ያለን አሳብ እንዲህ ነው። ስሙ ብልህ ነው። ድፍረት ስንል የጀግናን ሥራ ማለታችን ነው፤ ተደፈረች ስንል ደግሞ የደረሰባትን ግፍ ማለታችን ነው። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል፤ ፊልሙም እንዲሁ ሁለቱን አብሮ ይሸከማል። ከዛፍ ሥር ተሰብስበው የሚመክሩትን ሽማግሌዎች እንደ አውሬ አለማሳየቱንም እናደንቃለን። የሚያምኑበትን ይናገራሉ፤ የሚያስፈራውም ማመናቸው ነው።

ነቀፌታም አለን። በመጀመሪያ፣ ፊልሙ ከልጅቱ ይልቅ የጠበቃዋ ሆኗል። ስለ ሕጉ ብዙ እንሰማለን፤ ሂሩት ሌሊት ምን እንደምታስብ ግን የምንሰማው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ፊልሙ የተሠራው በአማርኛ ነው። በአርሲ ገጠር እናት ልጇን በብዛት የምትጠራው በአፋን ኦሮሞ ስለ ሆነ፣ የአካባቢው ልጅ ፊልሙን ሲያይ የራሱን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ይመስለዋል። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትዎርክ ዋና መሥሪያ ቤት በከተማችን በአዳማ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ በአካባቢው ቋንቋ ተሠርቶ ለማየት መመኘታችን ከመጠን ያለፈ አይመስለንም። ሦስተኛ፣ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት፣ ከባለታሪኳ መብት ጋር በተያያዘ ክርክር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ እንደ ነበረ ይታወቃል። ክርክሩ በኋላ አልቆ ፊልሙ ታይቷል። ይሁን እንጂ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ስለ ተወሰደች ልጅ የሚናገር ፊልም፣ ስለ ፈቃድ ክርክር ሊነሣበት ባልተገባው ነበር እንላለን። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነው። ያኔ የተጠየቀው ሂሩት የማን ልጅ እንደ ሆነች ነበር። ዛሬ የሚጠየቀው ሂሩት የራሷ መሆኗን እናምናለን ወይ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሣቁ እንመለስ። በእኛ አስተያየት ሣቁ አንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ስንለምደው የኖርነው ነው። ማታ ማታ በየመኝታ ቤታችን በስልክ የምናያቸውን ድራማዎች እናስብ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክና የሌሎች አገሮችን ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ የውጭ ነው ወይስ የአገር የሚል ነበር። እኛ ግን በዚህ ጉዳይ የውጭውና የአገሩ ብዙ የሚለያዩ አልመሰለንም። በብዙዎቹ ፍቅር ማለት መከተል ነው። ልጁ በር ላይ ይቆማል፤ እንቢ ትለዋለች። መንገድ ላይ ይጠብቃታል፤ ትሸሸዋለች። እጇን ይይዛል፤ ትቆጣለች፤ በዚህ ጊዜ ዘፈኑ ይጀምራል። በመጨረሻው ክፍል እሺ ትላለች፤ እኛም ዕንባችንን እንጠርጋለን። እንቢታ የእሺታ መጀመሪያ ነው ብሎ ሲማር የኖረ ዐይን፣ እውነተኛ እንቢታ ሲያይ ግራ ገብቶት ቢሥቅ ያሳዝናል እንጂ አያስደንቅም።

ሌላ ዓይነት ድራማ አይታይም የሚል ካለ ደግሞ ተሳስቷል። «እረኛዬ» በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ጸሐፊዎቹ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ። የገጠር ሴቶችን ኑሮ በእርጋታ የሚያሳይ ነበር። ሆኖም በግቢያችን ክፍሉ በወጣ ማግስት በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ስለ እርሱ የማይከራከር አልነበረም። ተመልካቹ አለ ማለት ነው፤ የሚጎድለው ምርጫው ነው።

ስንወቅስ ራሳችንን አንተውም። ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው መካከል ሦስታችን በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ ነበርን። አንዳችንም ተነሥተን «ዝም በሉ» አላልንም። አንዱ እንዲያውም ፈገግ ማለቱን ኋላ ለእኛ ተናግሯል። በማግስቱ ከወጡት እኅቶቻችን አንዷን ስናነጋግራት፣ «ከስክሪኑ ላይ ፈርቼ አልወጣሁም፤ ከኋላዬ ያለውን ፈርቼ ነው» አለችን። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ይህን እናሳስባለን። ፊልሙ በዚሁ መንፈቀ ዓመት እንደገና ይታይ። ከመጀመሩ በፊት አንቀጽ 587 በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይነበብ። ካለቀ በኋላም መብራቱ በርቶ የግማሽ ሰዓት ውይይት ይደረግ፤ የሣቀም ለምን እንደ ሣቀ ሳያፍር ይናገር፤ አንሰድበውም። ከዚያ ወዲህ ግን «በርታ!» የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ ዝም እንዳይል ከወዲሁ እንማጠናለን።

ወንበራቸውን ትተው የወጡት ሁለቱ እኅቶቻችን ፊልሙን እስከ መጨረሻው የማየት መብት አላቸው። ያቋረጡትን በሰላም ተቀምጠው እስኪፈጽሙ ድረስ ዕዳው የሣቁት ብቻ ሳይሆን ዝም ያልነውም ነው።